ከምርመራ ዓምድ እስከ መሙያ ሳጥን፤ በንግድ ሪፖርት ውስጥ የአንባቢው ስፍራ

በባሮ ወንዝ ላይ የንግድ መርከብ የሚመላለሰው ክረምት ገብቶ ውሃው ሲሞላ ነበር። ቡና የሚለቀመው ግን ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ወቅቶች መካከል ያለው ርቀት የጎሬን ነጋዴ ሒሳብ ከሌላው አገር ነጋዴ ሒሳብ የተለየ አድርጎት ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ የተገዛው ቡና ከደጋው ወደ ጋምቤላ ቆላ ከወረደ በኋላ ወንዙ እስኪሞላ መጠበቅ ነበረበት፤ ካርቱም ሲደርስ ምን ዋጋ እንደሚያወጣ ግን በተገዛበት ዕለት የሚናገር አልነበረም። ከወንዙ ማዶ የሚመጣው የዋጋ ወሬ ያለፈውን ይተርካል እንጂ «ዘንድሮ ዋጋው በዚህን ያህል ቢወርድ ትርፉ ምን ይሆናል?» ለሚል ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ጥያቄው የነጋዴው፣ ስሌቱም የነጋዴው፣ ኪሳራውም የነጋዴው ነበር።

ይህ ንግድ የተመሠረተው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ላይ ነው። ውሉ የሁለቱን አገሮች ድንበር ከመወሰኑም በላይ በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚቆምበት ቦታ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ ጋምቤላም በዚሁ ምክንያት የወንዝ ወደብ ሆነች። ከደጋው ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይወርዳል፤ ከሱዳን በኩል ጨውና የጥጥ ጨርቅ ይወጣል። የኢሉባቦር ገዥ የነበሩት ራስ ተሰማ ናደው መቀመጫቸው ጎሬ ስለ ነበረች የንግዱ ራስ በዚያች በተራራ ላይ በተሠራች ከተማ፣ እግሩ ደግሞ በጋምቤላ ሆነ ማለት ይቻላል። በጎሬ የእንግሊዝ ቆንስላ መቀመጡም ከዚሁ የተነሣ ነው። በ1928 ዓ.ም. ዋና ከተማው በጠላት እጅ ሲወድቅ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ የመንግሥቱን ሥራ ለመምራት የተቀመጡት በዚህችው በጎሬ ነበር። የጋምቤላው ጣቢያ በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የክፍለ ሀገሩም ዋና ከተማነት በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ከጎሬ ወደ መቱ ተዛወረ። ከተማይቱ ከማዕረጓ ብትወርድም ቡናው ከዛፉ አልወረደም፤ ሪፖርቱም አልቀረም። የሚላክበት አድራሻ ብቻ ተለወጠ።

ይህ ሁሉ የሚነሣው በዘመናችን የሒሳብና የመረጃ ባለሙያዎችን ስለሚያነጋግር አንድ ጉዳይ ለመናገር ሲባል ነው። በኮምፒዩተር መስታወት ላይ የሚታይ፣ በጣት ሲነካ የሚታዘዝ የንግድ ሪፖርት ዛሬ የተለመደ ነው። በዚህ ሪፖርት ላይ አንባቢው ራሱ ቁጥር ወይም ቃል የሚጽፍበት መሙያ ሳጥን መጨመር ግን ከቴክኒክ ሥራነቱ ይልቅ የሥልጣን ጉዳይነቱ ያመዝናል። ሪፖርት ሲላክ የኖረው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ከላይ ወደ ታች የሚመለሰው ደግሞ ትእዛዝ ነው። በመሙያ ሳጥኑ ምክንያት አንባቢው፣ በተለይም በጎሬና በመቱ ተቀምጦ የራሱን ቁጥር ከሩቅ ተመልሶ ሲመጣ የሚያየው አንባቢ፣ ተራውን ለመናገር ይችላል። ምን ለመናገር እንደሚችል የሚወሰነው በሳጥኑ ዓይነት ነው።

በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው ሁሉ የዚህን ሳጥን አያት ያውቃታል። ከተራ ቁጥር ጀምሮ ስም፣ መጠን፣ የአንዱ ዋጋ፣ ጠቅላላ ዋጋ እያለ የሚሄደው ቅጽ በስተቀኝ ጫፍ ላይ «ምርመራ» በምትባል ዓምድ ያበቃል። ይህች ዓምድ ብዙውን ጊዜ ባዶ ናት፤ ስፋቷም ከሁለት ቃል በላይ አታስጽፍም። ይሁንና ቅጹን የነደፈው ሰው ያላሰበው ነገር ሁሉ የሚጻፈው እዚህች ላይ ነው። «ዝናብ የመታው»፣ «ጆንያው የተቀደደ»፣ «መንገድ ተቋርጦ የዘገየ» የሚሉት ቃላት ከመጠንና ከዋጋ ዓምዶች ውስጥ አይገቡም፤ ቁጥሩ ለምን እንደዚያ እንደ ሆነ የሚያስረዱት ግን እነርሱ ናቸው። ቅጹ ተጠቃሎ ወደ ላይ ሲሄድ ደግሞ በመጀመሪያ የሚቀረው ይኸው ዓምድ ነው፤ ቁጥር ከቁጥር ይደመራል፣ ምርመራ ከምርመራ አይደመርምና። በዚህ መንገድ ሦስት ጊዜ የተጠቃለለ ሪፖርት ዋና መሥሪያ ቤት ሲደርስ «ከዚህ ጣቢያ የተረከብነው ቡና ቀነሰ» ይላል እንጂ መንገዱ መቋረጡን አይናገርም። የጣቢያው ሠራተኛ የሚገመገመውም በዚያው ነው።

ከዚሁ ጋር የንብረት ቅጾቻችንን ማስታወስ ይጠቅማል። ሞዴል 20 ይጠይቃል፤ ሞዴል 19 የገባውን ይመዘግባል፤ ሞዴል 22 የወጣውን ይመዘግባል። ማንም ንብረት ያዥ ሞዴል 20 ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከክምችት አይቀንስም፤ ጥያቄ ብቻ ነውና። ሞዴል 22 ላይ የተጻፈውን ግን ካልቀነሰ ይጠየቅበታል። መጠየቂያ ቅጽና መመዝገቢያ ቅጽ የተለያዩ መሆናቸውን የአንድ የወረዳ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ከመጀመሪያው የሥራ ሳምንት ጀምሮ ያውቀዋል። የኮምፒዩተር ሪፖርት ግን ይህን ልዩነት በቅጡ ለመያዝ ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ አሁንም አንዳንድ ጊዜ ያምታታዋል።

በቀዳዳ ካርድ ዘመን ችግሩ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ አንባቢው ፈጽሞ ስፍራ አልነበረውምና። ኸርማን ሆለሪት እ.ኤ.አ. በ1890 ለአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ የሠራው መቁጠሪያ መኪና በካርድ ላይ ያለውን ቀዳዳ ቆጥሮ ድምሩን ያወጣል። ከዚያ የተወለደው የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1959 «አር.ፒ.ጂ.» የሚባለውን፣ ስሙም ሪፖርት የሚያመነጭ ፕሮግራም ማለት የሆነውን ቋንቋ አወጣ። የሚፈለገው ሪፖርት ቅርጽ በቅጽ ላይ ተሞልቶ ለመኪናው ይሰጣል፤ መኪናውም በሰፊ ወረቀት ላይ ያትመዋል። በዚያ ዘመን ወሩን ወይም ቅርንጫፉን ለመለወጥ የሚቻለው በካርዶቹ ክምር ላይ በሚደረብ አንድ የመቆጣጠሪያ ካርድ ነበር። ይህች ካርድ የዛሬው «ፓራሜትር» ቅድመ አያት ናት። ነገር ግን ካርዷን የሚበሳው የመኪናው ክፍል ሠራተኛ እንጂ ሪፖርቱን የሚያነበው ሰው አልነበረም፤ አንባቢው ሌላ ወር ማየት ቢፈልግ ደብዳቤ ጽፎ ይጠይቃል፣ ወረቀቱም ይታተምለታል፣ እስከዚያው ግን ወሩ ያልፋል።

ነገሩ የተለወጠው መስታወት ያለው መሣሪያ ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ለሽያጭ የቀረበው የአይ.ቢ.ኤም. 3270 መሣሪያ የመስታወቱን ገጽ እንደ ቅጽ በመስኮች ከፋፈለው። አንዳንዱ መስክ የተጠበቀ ነው፤ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። ሌላው ያልተጠበቀ ነው፤ ሠራተኛው በውስጡ ይጽፋል፣ ሁሉንም ከሞላ በኋላ አንድ ቁልፍ ሲጫን ጽሑፉ ባንድ ጊዜ ወደ ዋናው ኮምፒዩተር ይሄዳል። የተጠበቀና ያልተጠበቀ የሚለው ክፍፍል ቀላል ቢመስልም ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ የተመላለሱት በእርሱ ዙሪያ ነው። ቅጽ ነዳፊው የትኛው መስክ እንደሚከፈት ሲወስን ማን እንደሚናገርና ማን እንደሚሰማ እየወሰነ ነበር።

በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ሌላ ነገር ተከተለ። ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 መረጃ ሁሉ በሠንጠረዥ መልክ ተዘርግቶ እንዲጠየቅ የሚያደርገውን ሐሳብ አሳተመ፤ እዚያው አይ.ቢ.ኤም. ውስጥ ይሠራ የነበረው ሞሼ ዝሉፍ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጥያቄን በምሳሌ የማቅረብ ዘዴ ፈለሰፈ። በዚህ ዘዴ ጠያቂው ባዶ ሠንጠረዥ ይሰጠዋል። በከተማው ዓምድ ሥር «ጎሬ» ብሎ ቢጽፍ፣ እንዲታይለት በሚፈልገው ዓምድ ሥር ደግሞ የማተሚያውን ምልክት ቢያስቀምጥ፣ መኪናው በጎሬ ያለውን ብቻ መርጦ ያወጣለታል። ፕሮግራም መጻፍ የማያውቅ ሰው ባዶውን ቦታ በመሙላት ብቻ ሊጠይቅ ቻለ። የሞዴል 20 መንፈስ ወደ ኮምፒዩተር የገባው በዚህ በር ነው። ዝሉፍ ከፕሮግራም ቋንቋ ይልቅ ቅጽን መምረጡ አስተዋይነት ነበር፤ ሰው ሁሉ ቅጽ መሙላት ያውቃልና።

ከዚያ በኋላ የመጣው «ቪዚካልክ» ግን ሁለቱን ቅጾች አንድ አደረጋቸው። ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጡት ይህ የሒሳብ ሠንጠረዥ በየትኛውም ክፍል ውስጥ ቁጥር ሲለወጥ ጥገኛ የሆነውን ሁሉ ወዲያው ያሰላ ነበር። የጎሬው ነጋዴ ለብቻው ይጠይቀው የነበረው «ቢሆንስ?» በመጨረሻ መልስ አገኘ። ሆኖም በዚያ ሠንጠረዥ ላይ የትኛው ቁጥር የተመዘገበ፣ የትኛው የተገመተ እንደ ሆነ የሚለይ ምልክት የለም። ሰውዬው ለሙከራ የጻፈው ዋጋ ሳይመለስ ቢቀር ነገ ጧት እንደ እውነት ይነበባል። የቪዚካልክ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ በየቢሮው አሉ፤ ይህ ጠባይ ግን ከቤተ ሰቡ አልጠፋም። ብዙ የሒሳብ ባለሙያ «ይህን ቁጥር ማን ነካው?» ብሎ የጮኸበት ቀን አይታጣም።

የሪፖርት ሥራ ብቻ እንዲሠሩ የተዘጋጁት ፕሮግራሞች ከዚህ ስሕተት ለመራቅ ሞክረዋል። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ መሥሪያ ቤት የታወቀው «ክሪስታል ሪፖርትስ» ሪፖርቱ ከመከፈቱ በፊት የሚሞላ የፓራሜትር መስክ ነበረው፤ «ታብሎ» የተባለው እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስተኛው እትሙ ፓራሜትርን ጨመረ፤ የማይክሮሶፍት «ፓወር ቢ.አይ.» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ለሁሉ ከቀረበ በኋላ በ2017 «ቢሆንስ» የሚለውን ፓራሜትር አስገባ። የሁሉም አሠራር በጠባዩ አንድ ነው። በጎን በኩል አንድ መጎተቻ ወይም ሳጥን ይቀመጣል፤ በእርሱ የተመረጠው ቁጥር በስሌቱ ውስጥ ገብቶ ሥዕሉን ይለውጣል፤ በመዝገቡ ውስጥ ያለው ቁጥር ግን አይነካም።

ለምሳሌ 100 ኩንታል ቡና የያዘ አንድ የመቱ የኅብረት ሥራ ማኅበር እንውሰድ። ቡና በፈረሱላ ይሸጣል፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለ ሆነ 100 ኩንታል ወደ 588 ፈረሱላ ይመጣል። የዋጋ መጎተቻው በፈረሱላ 10 ብር ዝቅ ሲል ገቢው በ5,880 ብር ገደማ ሲቀንስ አባላቱ በዓይናቸው ያያሉ። ከዚያ የጭነት ዋጋ መጎተቻውን ይሞክራሉ። በመጨረሻ ሪፖርቱን ሲዘጉት ግምቱ ሁሉ ይበተናል፤ 100 ኩንታሉ ግን እንደ ተመዘገበ ይኖራል። ይህ የመጠየቂያ ሳጥን ነው፤ ጉዳቱም ጥቂት ነው።

ጉዳቱ ጥቂት ነው ሲባል የለም ማለት እንዳልሆነ ግን ባለሙያዎች ያውቃሉ። አንባቢው የጻፈውን ቃል ወስዶ ወደ መረጃ ቋቱ በሚላከው ትእዛዝ ላይ እንዲሁ የሚቀጥል ፕሮግራም፣ ተንኮለኛ አንባቢ ከከተማ ስም ይልቅ ሌላ ትእዛዝ ቢጽፍለት ያንኑ ይፈጽማል። ይህ ዘዴ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1998 ነበር፤ መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ትእዛዙ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይቆያል፣ የአንባቢው ቃል ምንም ይሁን ምን እንደ ዋጋ ብቻ ይገባል። ዛሬም ቢሆን ሳጥን የሚጨምር ሁሉ በመጀመሪያ የሚያረጋግጠው ይህንን መሆን አለበት።

በኢትዮጵያ የቡና ገበያ የመጠየቂያ ሳጥንን ለብዙ ሰው ያደረሰው ኮምፒዩተር ሳይሆን ስልክ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራውን የጀመረው በሚያዝያ ወር 2000 ዓ.ም. ሲሆን ቡና በዚያው ዓመት ማብቂያ ካለፈ በኋላ፣ በ2001 ዓ.ም. ገባበት። ከጎሬ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በበደሌ የምርት መረከቢያ መጋዘን ነበረው። የዕለቱን ዋጋ ለሕዝብ ለማሳወቅ በገበያ ከተሞች የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች ተተከሉ። ሰሌዳው ያለ ማቋረጥ ይናገራል፤ ተመልካቹ የሚፈልገው ዓይነት እስኪደርስ ቆሞ ይጠብቃል። ይህ የድሮው የታተመ ሪፖርት ነው፤ ልዩነቱ መብራቱ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የተከፈተው የ929 የስልክ አገልግሎት ግን ሌላ ነበር። ደዋዩ በመጀመሪያ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም እንግሊዝኛ ይመርጣል፤ ከዚያ የምርቱን ዓይነት በቁጥር ቁልፍ ይነግረዋል፤ የጠየቀው ዋጋ ብቻ በድምፅ ይመለስለታል። ማንበብና መጻፍ የማይችል ገበሬ እንኳ በጣቱ ሪፖርት ሊያዝ ቻለ። ዝሉፍ በባዶ ሠንጠረዥ ያደረገውን 929 በስልክ ቁልፎች አደረገው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በስልክ ቁልፍ የሚጠይቅ ሰው በፊደል አይሳሳትም፤ ምርጫው ተቆጥሮ ተሰጥቶታልና። በነጻ የሚጻፍበት ሳጥን ሲቀመጥ ግን የጎሬ ስም ራሱ ችግር ይሆናል። ስሟን አንዳንዱ «ጎሬ» ብሎ ይጽፋል፤ የድሮውን ሥርዓት የሚከተለው ደግሞ «ጐሬ» ይላል። ለሰው ዓይን ሁለቱ አንድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ፊደላችን ዓለም አቀፍ ቁጥር ሲሰጠው ግን «ጎ» እና «ጐ» ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች አገኙ፤ ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ሁለት ከተሞች ያያል። በአንዱ አጻጻፍ የጠየቀ ሰው በሌላው የተመዘገበውን ቡና አያገኝም፤ ሪፖርቱም ስሕተት አለ ብሎ አይጮኽም፣ አነስተኛ ድምር ሰጥቶ ዝም ይላል። በላቲን ፊደልም መቱ ሦስት ዓይነት ትጻፋለች፤ የአውራጃው ስምም ኢሉባቦር፣ ኢሊባቡር፣ ኢሉ አባ ቦራ እየተባለ ይጻፋል። በዚህ ምክንያት ልምድ ያለው ነዳፊ ስምን በነጻ ከማስጻፍ ይልቅ ከዝርዝር ያስመርጣል፤ ከስሙም በስተጀርባ የማይለወጥ መለያ ቁጥር ያኖራል።

የዘመን አቆጣጠሩ ከዚህ ይብሳል፤ ጥቂት ሰዎችም ናቸው የሚያስተውሉት። «2010» ብሎ በዓመት ሳጥን ውስጥ የጻፈ ሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠርም በአውሮፓ አቆጣጠርም ትክክለኛ ዓመት ጽፏል፤ በሁለቱ መካከል ግን ከሰባት ዓመት በላይ አለ። ኮምፒዩተሩ ሁለቱንም ይቀበላል። ከዚህም በላይ የኢሉባቦር ቡና የሚለቀምበት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ባንድ ዓመት ውስጥ ያርፋል፤ በአውሮፓው አቆጣጠር ግን ጥር አንድ ቀን ላይ ለሁለት ይቀደዳል። ውጭ አገር የተሠራ ሪፖርት ዓመትን በራሱ አቆጣጠር ብቻ እንዲያስመርጥ ሆኖ ሲመጣ የአንድን የቡና ወቅት ግማሽ ከአምናው፣ ግማሹን ከዘንድሮው ጋር ይደምራል፤ መልካም ዓመትና ክፉ ዓመት ተቀላቅለው ሁለት መካከለኛ ዓመት ይሆናሉ። የመንግሥት በጀት ዓመት ደግሞ ከሐምሌ 1 ቀን ይጀምራልና ሦስተኛ መቁረጫ አለ። ሳጥኑ «ዓመት» ብቻ ብሎ ከሚጠይቅ «የቡና ወቅት» ብሎ ቢጠይቅ አንባቢው በማይገባው ነገር አይሳሳትም።

እስካሁን የተባለው ስለ መጠየቂያ ሳጥን ነው። የመመዝገቢያው ሳጥን፣ ማለትም አንባቢው ከሪፖርቱ ሳይወጣ የጻፈው ቁጥር ወደ ዋናው መረጃ ተመልሶ የሚገባበት ሳጥን፣ ዘግይቶ የመጣ ነው፤ የዘገየበትም ምክንያት አለው። የፓወር ቢ.አይ. ተጠቃሚዎች ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሪፖርቱ ገጽ ላይ «ፓወር አፕስ» የተባለውን የቅጽ መሥሪያ በማስገባት ይህን ሲያደርጉ ቆይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ደግሞ ከሪፖርቱ በቀጥታ ወደ መረጃው የሚጽፍ ዘዴ በሙከራ ደረጃ ቀርቧል። አንባቢው በሳጥኑ ይጽፋል፣ አዝራር ይጫናል፣ በስተጀርባ ያለ አጭር ፕሮግራም ጽሑፉን ተቀብሎ መዝገቡን ይለውጣል፣ ሪፖርቱም ታድሶ ይታያል። ይህ ሞዴል 22 ነው። የጻፈው ይጠየቅበታል፤ ወይም ሊጠየቅበት ይገባል።

የሒሳብ ሙያ ለዚህ ጉዳይ ከኮምፒዩተሩ እጅግ የቀደመ ደንብ አለው። ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 የሁለትዮሽ ምዝገባን ሥርዓት ካሳተመበት ዘመን ጀምሮ የተመዘገበ ነገር ተፍቆ አይጠፋም፤ በተቃራኒ ምዝገባ ይስተካከላል። በአገራችንም «ስርዝ ድልዝ የሌለበት» የሚለው አነጋገር የታመነ ሰነድ መለያ ሆኖ ኖሯል። በሪፖርት ላይ የመመዝገቢያ ሳጥን የሚጨምር ባለሙያ አሮጌውን ቁጥር በአዲሱ የሚተካ ከሆነ በዓይን የማይታይ ድልዝ ፈጠረ ማለት ነው፤ ወረቀት ቢሆን ኖሮ የመፋቂያው ጠባሳ ይቀር ነበር፣ በመስታወት ላይ ግን ጠባሳም የለም። ስለዚህ አዲሱ ጽሑፍ ከአሮጌው ጎን በራሱ ረድፍ መጨመር፣ የጸሐፊው ስም፣ ቀኑና ምክንያቱም አብረው መቀመጥ አለባቸው። ብዙ የማያስወጣ ሥራ ነው፤ ሲቸኩሉ ግን የሚዘለለው እርሱ ነው።

ከሁለቱ መካከል ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ከምርመራ ዓምድ ጋር የሚዘመደውም እርሱ ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት «ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2» የተባለው ሥርዓት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሥርዓቱ የተጀመረው በደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ ማብቃት በኋላ ሲሆን የሚያሳድገው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የኢትዮጵያንም ዘመን አቆጣጠር ይቀበላል። በዚህ ሥርዓት ቁጥር በሚሞላበት በእያንዳንዱ ክፍል አጠገብ ማስታወሻ ለመጻፍ ይቻላል። ከዚያም በላይ ሪፖርቱ በሥዕል ሆኖ ሲወጣ አንባቢው ከሥዕሉ ሥር የራሱን አስተያየት ይጽፋል፣ ሌላው ይመልስለታል፤ ቁጥሩ ግን አይነካም። ነገሩ የጤና ቢሆንም የቡና ሪፖርት ነዳፊዎች ሊቀኑበት የሚገባ ነው። ከሥዕሉ ሥር የተጻፈው «መንገድ ተቋርጦ ነው» የሚለው ቃል ከሥዕሉ ጋር ተጣብቆ ይኖራል፤ ከመቱም በላይ፣ ከአዲስ አበባም በላይ ቢሄድ ሥዕሉን የከፈተ ሁሉ ያገኘዋል።

ይህ ብልሃት ሙሉ ነው ለማለት ግን አይቻልም። አስተያየት መጻፍ የተፈቀደለት ሁሉ አይጽፍም። በአለቃው ፊት የሚነበብ ገጽ ላይ «ሚዛኑ የተበላሸ ነው» ብሎ ስሙን ከሥሩ ማኖር ቀላል አይደለም፤ በወረቀቱ ምርመራ ዓምድ ውስጥ የተጻፈች ቃል ቢያንስ ከመሳቢያ አታልፍም ነበር። በሌላ በኩል ስም የሌለው ጽሑፍ ቢፈቀድ ደግሞ ሐሜት ይሆናል። አንዳንድ ነዳፊዎች ለዚህ ሲሉ ምክንያቶችን በዝርዝር ያስመርጣሉ፤ ዝናብ፣ መንገድ፣ ሚዛን፣ የጆንያ እጥረት የሚሉ አራት አምስት ቃላት ተሰጥተው ጸሐፊው አንዱን ይነካል። እንዲህ ሲደረግ ምርመራም እንደ ቁጥር ይደመራል፤ «በዚህ ወቅት ስንት ጭነት በመንገድ ምክንያት ዘገየ?» ብሎ ለመጠየቅ ይቻላል። በዝርዝሩ ውስጥ ያልታሰበው ምክንያት ግን እንደ ገና ቤት ያጣል፤ ስለዚህ ከዝርዝሩ ሥር ሁልጊዜ «ሌላ» የሚል አንድ ባዶ መስመር ይቀራል። ያችም መስመር ከቀኝ ጫፏ ተነሥታ ወደ መስታወት የተዛወረችው አሮጊቷ ምርመራ ናት።

አንድ ጉዳይ ይቀራል። በኢሉባቦር ተራሮች ዝናቡ ሲበረታ የኔትዎርክ መስመሩም እንደ መንገዱ ይቋረጣል። በዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 መስመር በሌለበት የተሞላ ቁጥር እዚያው በሠራተኛው ኮምፒዩተር ውስጥ ይቀመጥና መስመሩ ሲመለስ ይላካል። በንግድ ሪፖርት ላይ መመዝገቢያ ሳጥን የሚጨምር ሁሉ ይህንኑ ማሰብ ይኖርበታል፤ ከዚያ ጋር የሚመጣውም ጥያቄ ቀኑ ነው። ሰኞ ተጽፎ ዓርብ የተላከ ቁጥር በመዝገቡ ላይ የትኛውን ቀን ይይዛል? ዋጋው በሁለቱ ቀኖች መካከል ተለውጦ ከሆነስ? የሚበጀው ሁለቱንም ቀኖች በሁለት ዓምድ መያዝ ነው፤ የተጻፈበት ቀን፣ የደረሰበት ቀን። ጋምቤላ ላይ ወንዙ እስኪሞላ የቆየ ቡናም ሁለት ቀን ነበረው፤ ከጎሬ የወረደበትና መርከብ ላይ የተጫነበት።